የነርሶች የፈቃድ ፈተናና የጥናቱ ሥርዐት፤ ከጥንት እስከ ዛሬ

የሰውን ሕይወት በአደራ የሚቀበል ሙያ ሁሉ ባለሙያውን ለሥራ ከማሰማራቱ አስቀድሞ ምስክር ይሻል። ምስክሩ በአንድ ዘመን የመምህር ቃል፥ በሌላው ዘመን የታተመ ወረቀት፥ በዛሬው ዘመን ደግሞ የኮምፒዩተር ፍርድ ሆኖ ይገኝ እንጂ፥ የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ ይህ ሰው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ብቻውን ቢቆም፥ የተማረውን በጊዜው አስታውሶ የሚገባውን ሊያደርግ ይችላልን? የነርሶችን የፈቃድ ፈተና ታሪክ በትዕግሥት የሚመረምር ሰው፥ ፈተናው መልኩን በለወጠ ቁጥር የተማሪውም የጥናት ሥርዐት አብሮ መለወጥ እንደ ነበረበት ይረዳል። ስለዚህ ለዚህ ፈተና የሚበጀው የጥናት ስልት የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ፥ ፈተናው ምን ሆኖ እንደ ተወለደና ምን ወደ መሆን እንደ ደረሰ ሳይታወቅ በቅጡ ሊመለስ አይችልም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በጉባኤ ፊት ተፈትኖ ማስመስከር እንግዳ ነገር አይደለም። ድጓን የሚማር ደቀ መዝሙር፥ ምንም እንኳ በየደብሩ ከታወቁ መምህራን እግር ሥር ብዙ ዓመት ቢቀመጥ፥ የትምህርቱ ማኅተም የሚታተምለት ጋይንት ውስጥ በምትገኘው በቤተልሔም ሲያስመሰክር ነበር፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክርም እንዲሁ በዙር አምባ ነበር። በዚህ ረዥም ትውፊት ውስጥ፥ ለዛሬው ጉዳያችን ብርሃን የሚሰጡ ሁለት የጥናት ሥርዐቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው የዜማ ቤት ሥርዐት ነው፤ በዚህም ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ቀለም መጽሐፉን አጥፎ በቃሉ ያወጣል፥ በተሳሳተበት ስፍራ ወዲያው ይታረማል፥ ትናንት የያዘውን ዛሬ፥ ያምና የያዘውንም ዘንድሮ እየመለሰ ይከልሳል። ሁለተኛው የቅኔ ቤት ሥርዐት ነው፤ በዚህ ቤት ግን የሌላውን ቅኔ በቃል መያዝ ለማዕረግ አያበቃም፥ ተማሪው ግሱንና አገባቡን መሣሪያ አድርጎ፥ ከሰው ተለይቶ ወደ ዱር ወጥቶ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቈጥራል እንጂ፥ የቈጠረውንም ተመልሶ በመምህሩ ፊት ይነግራል፥ መምህሩም ከእነ ምክንያቱ ያቀናለታል ወይም ይጥልበታል። የመጀመሪያው ሥርዐት ተዘክሮን፥ ሁለተኛው ሥርዐት ፍርድን ያሳድጋል፤ ሊቅ የሚባለውም ሁለቱን ያዋሐደ ነበር። የነርሶች ፈተና ታሪክ፥ ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፥ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የተደረገ ረዥም ጉዞ ነው።

ዘመናዊው የነርስነት ትምህርት መሠረቱ የተጣለው በሎንዶን ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ነው። በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ላስታመመችው ለፍሎሬንስ ናይቲንጌል ክብር ሕዝቡ ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ አዋጥቶ ስለ ነበር፥ በዚሁ ገንዘብ በስሟ የተሰየመው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1860 ተከፈተ። ትምህርቱ አንድ ዓመት የሚፈጅ ሆኖ፥ ተማሪዎቹ በሆስፒታሉ ክፍሎች ውስጥ እየሠሩ በልምድ የሚማሩበት ነበር። ምስክሩም በአንድ ቀን ፈተና የሚገኝ አልነበረም፤ የነርሶቹ አለቃ ወይዘሮ ዋርድሮፐር የእያንዳንዷን ተማሪ ጠባይና የሥራ ችሎታ በየወሩ በመዝገብ ታሰፍር ነበር እንጂ። በመዝገቡም ላይ ሰዓት ማክበር፥ እርጋታ፥ ታማኝነትና ንጽሕና፥ ከቁስል አጠባበቅና ከሌላው የእጅ ሥራ ጋር ተያይዘው ይመዘኑ ነበር። በዚህ ዘመን ማጥናት ማለት ማየትና መሥራት ነበር፤ ዛሬ የታየው ነገ በእጅ ይሠራል፥ የተሠራውም በአለቃዋ ዓይን ይታረማል።

ይሁን እንጂ የነርሶች ቊጥር እየበዛ፥ የትምህርት ቤቱም ዓይነት እየተለያየ በሄደ ጊዜ፥ ሕዝቡ የሠለጠነችውን ካልሠለጠነችው የሚለይበት ምልክት አጣ። ያን ጊዜ፥ ቀደም ሲል በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የነርሶች አለቃ የነበረችው ኤተል ቤድፎርድ ፌንዊክ፥ ነርሶች ሁሉ እንደ ሐኪሞች በመንግሥት መዝገብ ሊመዘገቡ፥ ከመመዝገባቸውም አስቀድሞ ሊፈተኑ ይገባል ብላ ተነሣች፤ እ.ኤ.አ. በ1887ም የብሪታንያ ነርሶች ማኅበር እንዲመሠረት አደረገች። ናይቲንጌል ግን ይህን አሳብ ተቃወመች። የነርስ ዋና ሀብት ርኅራኄዋ፥ ትጋትዋና ታማኝነትዋ ስለሆነ፥ እነዚህን ደግሞ ወረቀት ሊመዝናቸው ስለማይችል፥ ፈተና ማለፍ የመልካም ነርስነት ማስረጃ ተደርጎ እንዳይቈጠር ፈራች። ክርክሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፥ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ ያለ መዝገብ ሕዝቡን ከአላዋቂ እጅ መጠበቅ አይቻልም ነበር፥ በወረቀት ብቻ የሚመዝን ፈተናም ሸምድዳ የመጣችውንና አስተውላ የምትሠራውን እኩል ሊያደርግ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው የፈተና ማሻሻል ሁሉ የፌንዊክን ሥርዐት ሳይለቅ የናይቲንጌልን ስጋት ለመመለስ የተደረገ ጥረት ነው ማለት ይቻላል።

ሕጉን ቀድማ ያወጣችው እንግሊዝ ሳትሆን ኒውዚላንድ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የነርሶችን ምዝገባ ብቻውን የሚመለከት ሕግ ደነገገች፥ በጥር ወር 1902ም ኤለን ዶኸርቲ በዓለም የመጀመሪያዋ በሕግ የተመዘገበች ነርስ ሆነች። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1903 ፈር ቀደደች፥ ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሏት። በእንግሊዝ አገር የነርሶች ምዝገባ ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሆን፥ መዝገቡ ሲከፈት የመጀመሪያው ቊጥር የተሰጠው ለፌንዊክ ለራሷ ነበር። የመንግሥት ፈተና ከቆመ በኋላ የተማሪዋ ኑሮ ተለወጠ፤ ቀን በሕመምተኞች መካከል ስትደክም ውላ ማታ የሰውነትን አሠራር፥ የንጽሕና አጠባበቅንና የበሽታ ምልክቶችን ከመጽሐፍ ማጥናት ግድ ሆነባት። የአልጋ ዳር ልምድና የመጽሐፍ ዕውቀት ሁለት የተለያዩ ሸክሞች መስለው የታዩት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው፥ ተማሪውን እስከ ዛሬ የሚያስቸግረውም ይኸው መለያየት ነው።

የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚሁ የእንግሊዝ ፈተና ጋር ይገናኛል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፥ ከአባታቸው ጋር በስደት በእንግሊዝ አገር ሳሉ፥ በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነትን ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1939ም ፈተናውን አልፈው በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። የንጉሥ ልጅ እንደ ማንኛዋም ተማሪ አልጋ እያነጠፈች፥ ቁስል እያጠበች፥ ሌሊት እያጠናች ለፈተና መቅረቧ፥ ማስታመም ዝቅ ያለ ሥራ ተደርጎ በሚታይበት በዚያ ዘመን ለወገኖቿ ሴቶች ትልቅ ትምህርት ነበረ። ልዕልቲቱ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲያገለግሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ በወጣትነታቸው አረፉ፤ በስማቸውም የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ሲከፈት፥ ነርሶችን ማሠልጠን ከተግባሮቹ አንዱ ሆነ።

ከዚያ በፊት በአገራችን ሆስፒታሎች ሐኪሙን የሚረዱት ድሬሰሮች ሥራቸውን የሚለምዱት እያዩ በመሥራት ነበር። በሥርዐት የተቋቋመው የነርሶች ትምህርት የጀመረው ግን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በከፈተ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተቋቁሞ፥ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታርያኖች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችን ለየገጠሩ ያዘጋጅ ጀመር። የእነዚህ ዘመን ተማሪዎች ሸክም እጥፍ ነበር፤ መጽሐፉ የተጻፈበት ቋንቋ እንግሊዝኛ፥ ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ የሚናገርበት ቋንቋ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ነበርና። ከፊደል ቤት አንሥቶ ዳዊትን በቃል የያዘ ልጅ የባዕድ ቋንቋ ገጾችንም እንዲሁ በቃል ለመያዝ ቢነሣሣ አያስደንቅም፤ የለመደው ጸጋ ነውና። ነገር ግን ፍቺው ሳይገባ በቃል የተያዘ ገጽ ለፈተና ወረቀት ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ፥ ሕፃን ታቅፋ በምትጮኽ እናት ፊት አይበቃም። ትጉህ ተማሪ ይህን ተረድቶ፥ በእንግሊዝኛ የተማረውን ለጓደኛው በራሱ ቋንቋ እየተረጐመ ያስረዳ ነበር፤ ይህም በትርጓሜ ቤት ያደገ ሕዝብ ልጅ ያወረሰን መልካም የጥናት ስልት ነው፥ ያልገባን ነገር ለሌላ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስረዳት አይቻልምና።

ፈተናው ራሱ ሥር ነቀል ለውጥ ያገኘው በአሜሪካ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ጥያቄ ያወጣ ስለ ነበር፥ በአንዱ ግዛት የተመሰከረላት ነርስ በሌላው ለመሥራት ትቸገር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ነርሶችን ፈትኖ በቶሎ ማሰማራት ግድ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1944 ግዛቶቹ በጋራ የሚጠቀሙበት የምርጫ ጥያቄ ፈተና ተዘጋጀ። ይህ ፈተና ኋላ ላይ የውስጥ ደዌ፥ የቀዶ ሕክምና፥ የወሊድ፥ የሕፃናትና የአእምሮ ሕመም ነርስነት ተብሎ በአምስት ተከፍሎ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ተማሪውም አምስቱን ለየብቻ ቆርጦ እያጠና፥ አንዱን ሲጨርስ ዘግቶት ወደ ሁለተኛው ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ኤንክሌክስ የተባለው ብሔራዊ ፈተና ተተክቶ ክፍፍሉን አስቀረው፤ ሕመምተኛ የመጽሐፍ ምዕራፍ እየለየ አይታመምምና፥ ጥያቄዎቹ ሁሉ ተደባልቀው መቅረብ ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ1994 ይኸው ፈተና ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ፤ የተሻገረውም በአዲስ አሠራር ነው። ተፈታኙ በትክክል ሲመልስ መሣሪያው የሚከብድ ጥያቄ፥ ሲሳሳት የሚቀል ጥያቄ እያመጣለት፥ ችሎታው ከተወሰነው ልክ በላይ ወይም በታች መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ይመረምረዋል። አንዴ የመለሱትን ጥያቄ ተመልሶ ማረም አይቻልም፥ የጥያቄው ብዛትም ለሁሉ እኩል አይደለም፥ የሁለት ተፈታኞች ፈተናም አንድ አይሆንም። ስለዚህ ያለፉ ጥያቄዎችን መልሳቸው ይደገማል ብሎ ሰብስቦ መያዝ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከንቱ ድካም ሆነ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ፈተናው ዳግመኛ ተሻሽሎ፥ ከ85 እስከ 150 በሚደርሱ ጥያቄዎችና በአምስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፥ የአንድን ሕመምተኛ ታሪክ ከመዝገቡ ጋር አቅርቦ በተከታታይ ስድስት ጥያቄ የሚመረምር ክፍል ተጨመረበት። እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ምልክቱን ማስተዋልን፥ የምልክቱን ፍቺ መመርመርን፥ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባውን መለየትን፥ መፍትሔ ማሰብን፥ ማድረግንና የተደረገውን ውጤት መመዘንን በቅደም ተከተል ይጠይቃሉ። የናይቲንጌል ስጋት ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፥ በከፊልም ቢሆን፥ በፈተናው ውስጥ መልስ ያገኘው በዚህ ነው።

ፈተናው እንዲህ ሲለወጥ፥ የሰው ተዘክሮ እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምሩ ሊቃውንትም በበኩላቸው እየደከሙ ነበር። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ፍቺ የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ፥ ሰው የያዘውን ወዲያውኑ በብዛት መርሳት እንደሚጀምር፥ ጥናቱ በልዩ ልዩ ቀናት ሲከፋፈል ግን በአንድ ቀን ከተከማቸው ይልቅ በጥቂት ድካም እንደሚጸና አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1917 አርተር ጌትስ ከማንበብ ጋር በቃል እየወጡ ራስን መፈተን ያለውን ጥቅም መረመረ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ መምህራንም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ምርመራ፥ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ካነበቡት ይልቅ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን የፈተኑት ተማሪዎች ከአንድ ሳምንት በኋላ ብዙ አስታወሱ፤ የኋለኞቹ 61 በመቶ ያህሉን ሲይዙ፥ የፊተኞቹ 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ያዙ። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ካነበቡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተጠየቁ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡት በልጠው መታየታቸው ነው፤ ተማሪውን የሚያሳስተው ይህ የመጀመሪያው ሰዓት ድል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የጥናት ስልቶችን አወዳድረው፥ ራስን መፈተንንና ጥናትን በቀናት መከፋፈልን ከሁሉ የበለጡ፥ ደጋግሞ ማንበብንና በቀለም ማስመርን ደግሞ ጥቅማቸው ያነሰ ብለው መደቧቸው።

የዜማ ቤት ደቀ መዝሙር ይህን ቢሰማ አዲስ ነገር ነው አይልም፤ መጽሐፍ አጥፎ በቃል ማውጣት፥ ወዲያው መታረም፥ በየጊዜው መከለስ የአባቶቹ ሥርዐት ነውና። የእኛ ዘመናዊ ተማሪ የአባቶቹን የቃል ትምህርት ንቆ ሲተወው፥ የተወው ሽምደዳውን ሳይሆን እርማቱንና ክለሳውን ሆነ፤ ደብተሩን ከፍቶ ዓይኑን በመስመሩ ላይ እያንሸራተተ ማምሸት ጥናት መሰለው። ይህ የሚያሳዝን ኪሳራ ነው፥ የሚመለስ ኪሳራ መሆኑ ግን ያጽናናል።

በአገራችንም የጤና ባለሙያዎች ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ምዘና በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ነርሶች ከመጀመሪያዎቹ ተመዛኞች መካከል ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ለየትምህርት ክፍሉ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና መሰጠት ጀመረ። በዋሽንግተን አካባቢ፥ በሚኒሶታና በሌሎችም የአሜሪካ ግዛቶች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በረዳት ነርስነት ሌሊት እየሠሩ፥ ቦርድ የሚሉትን ይህንኑ ኤንክሌክስን ለማለፍ ይደክማሉ። እነዚህ ሁሉ የሚፈተኑት ተዘክሮንና ፍርድን ባንድነት በሚጠይቅ ፈተና ነው፤ ጥናታቸውም የዜማ ቤቱንና የቅኔ ቤቱን ሥርዐት ማዋሐድ ይገባዋል።

ይህን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የፖታስየም መጠን በአንድ ሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊኢኩዊቫለንት መሆኑን፥ ፉሮሴማይድ የተባለው መድኃኒት ፖታስየምን ከሰውነት እንደሚያስወጣ፥ ለልብ ድካም የሚሰጠው ዲጎክሲን ደግሞ ፖታስየም ሲያንስ መርዝነቱ እንደሚበረታ ያለ ጥርጥር በቃል መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህ የዜማ ቤቱ ድርሻ ነው። ፈተናው ግን እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ አይጠይቅም፤ ሁለቱንም መድኃኒት የሚወስድ አንድ ሽማግሌ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ፥ ያስመልሰው ጀምሮ፥ የደም ምርመራው ፖታስየም 3.0 መሆኑን ሲያሳይ፥ ዲጎክሲን የሚሰጥበት ሰዓት ቢደርስ ነርሷ አስቀድማ ምን ታደርጋለች ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የያዘችውን ሦስት ቀለም በአንድ ሰው አካል ላይ አገናኝታ፥ የልቡን ምት ቈጥራ፥ መድኃኒቱን ሳትሰጥ አቆይታ ለሐኪሙ ማስታወቅ እንዳለባት መፍረድ አለባት፤ ይህ የቅኔ ቤቱ ድርሻ ነው። ቀለሙን ያልያዘች መፍረጃ የላትም፥ ቀለሙን ብቻ የያዘችም አራቱ መልሶች ሁሉ እውነት መስለው ይታዩአታል።

እንግዲህ ታሪኩ ራሱ የጥናቱን ሥርዐት ያመለክታል። ተፈታኙ አስቀድሞ ፈታኙ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የፈተና ዝርዝር አንብቦ ብዙ የሚጠየቅበትን ከጥቂቱ ይለይ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥያቄዎችን መጽሐፍ ሳይከፍት ይሥራ፥ በሠራውም ላይ ከመልሱ ይልቅ በምክንያቱ ይዘግይ፥ የተመረጠው ለምን እንደ ተመረጠ ብቻ ሳይሆን የተጣሉት ሦስቱ ለምን እንደ ተጣሉ ለጓደኛው ያስረዳ። የልብን ምዕራፍ ጨርሶ ወደ ኩላሊት ከመሄድ ይልቅ ጥያቄዎቹን ደባልቆ ይሥራ፥ ሕመም ተደባልቆ ይመጣልና። የሳተውን ጥያቄ ከሁለት ቀን በኋላ፥ ደግሞ ከሳምንት በኋላ፥ ደግሞ ከወር በኋላ ይመለስበት። ሌሊት የሚሠራ ሰው ረዥም የጥናት ሰዓት ባያገኝ ተስፋ አይቁረጥ፤ በልዩ ልዩ ቀናት የተከፋፈለ ጥናት በአንድ ቀን ከተከማቸ ጥናት እንደሚሻል ሊቃውንቱ መስክረውለታልና። በሥራው ላይ የሚያገኛቸውንም ሕመምተኞች እንደ ናይቲንጌል ተማሪዎች በንቁ ዓይን ይመልከት፥ ይህ ሰው ከትናንት ይልቅ ዛሬ ምኑ ተለወጠ ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ ያን ጊዜ የአልጋ ዳሩና የመጽሐፉ ትምህርት በፌንዊክ ዘመን ከተለያዩ በኋላ በእርሱ ልቡና ውስጥ እንደ ገና ይገናኛሉ።

ለፈቃድ ፈተና ማጥናት ብዙ ጊዜ እንጀራ ለማግኘት የሚታለፍ በር ብቻ ተደርጎ ይታያል። እንጀራ የተከበረ ምክንያት ነው፥ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን ከአራት ወር በኋላ ተረስቶ የሚገኝ ዕውቀት ፈቃዱን ቢያስገኝም ሕመምተኛውን አይጠቅምም፤ በእርማት፥ በክለሳና በፍርድ የተያዘው ግን ፈታኙ ከሄደ በኋላም ከባለሙያው ጋር ይኖራል። ስለዚህ ትክክለኛውን የጥናት ስልት መምረጥ ነርሷ ገና ሳታገኘው ለሕመምተኛዋ የምታደርገው የመጀመሪያው አገልግሎት ነው፥ በዚህም አገልግሎት ልትታመን ይገባታል።